ኦባማ በስፕሪንግፊልድ፦ ስለ ስቴት ሴኔተርነት ዘመኑ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ኦባማን «እሱ» የምለው ያኔ ገና ጀማሪ ስለነበረ ነው፤ ታላላቆቹን ግን አንቱ ብያለሁ።

ኦባማ ሴኔተር የነበረው ዋሽንግተን አይደለም እንዴ? ስፕሪንግፊልድ ከየት መጣ?

ሁለት ሴኔት ነው የገባው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የዋሽንግተኑን ነው። እዚያ በጥር 2005 ገብቶ፣ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ በኅዳር 2008 ለቀቀ። አራት ዓመት እንኳ አልሞላም። ከዚያም ውስጥ ግማሽ ያህሉ በምርጫ ቅስቀሳ ነው ያለቀው።

ከዚያ በፊት ከጥር 1997 እስከ ኅዳር 2004 የኢሊኖይ ስቴት ሴኔተር ነበር። ስምንት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ ኋይት ሀውስ የቆየበትን ያህል ማለት ይቻላል። ፖለቲካን የተማረውም እዚያ ነው። ድምፅ መቁጠር፣ ከማይወዱት ሰው ጋር ቁጭ ብሎ መደራደር፣ የፈለጉትን ሁሉ ሳያገኙ ተጨባብጦ መለያየት።

ስቴት ሴኔተር ሥራው ምንድን ነው?

በግርድፉ የክልል ምክር ቤት አባል በሉት። አሜሪካ ውስጥ 50ዎቹም ስቴቶች የየራሳቸው ሕግ አውጪ አላቸው። ከኔብራስካ በቀር ሁሉም ባለ ሁለት ምክር ቤት ናቸው። ኢሊኖይ 59 ሴኔተሮችና 118 ተወካዮች አሉት። አንድ የሴኔት ምርጫ ክልል ለሁለት ሲከፈል ሁለት የተወካይ ምርጫ ክልል ይወጣዋል።

ከኛ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር የክልሉን ፕሬዚዳንት የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። እዚያ ግን ገዢውን ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል። ስለዚህ ገዢውና ምክር ቤቱ ዓይንና ናጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ገዢው አንድን ሕግ አልፈርምም ካለ፣ የኢሊኖይ ምክር ቤቶች በሦስት አምስተኛ ድምፅ ሊያጸድቁት ይችላሉ።

የዕለት ኑሮን የሚነካው አብዛኛው ነገር የሚወጣው ከነዚህ ምክር ቤቶች ነው። የመንጃ ፈቃድ ደንብ፣ የነርስነት ፈቃድ፣ የዴይ ኬር ቁጥጥር፣ ለትምህርት ቤት የሚመደብ ገንዘብ፣ ፖሊስ መኪና ሲያስቆም ምን መመዝገብ እንዳለበት። ታክሲ የሚነዳም ሐበሻ፣ ሆስፒታል ሌሊት የምትሠራም፣ ቤቷ ሕፃናት የምትጠብቅም ጉዳያቸው ከዋሽንግተን ይልቅ ከስቴቱ ጋር ነው። የስቴት ሴኔተርህ ማነው ብትሉት ግን ብዙው ሰው አያውቅም። አሜሪካኖቹም አያውቁም።

ስፕሪንግፊልድ የት ነው? የኢሊኖይ ዋና ከተማ ቺካጎ አይደለችም እንዴ?

አይደለችም። ቺካጎ ትልቋ ከተማ ናት፤ ዋና ከተማዋ ስፕሪንግፊልድ ናት። ከቺካጎ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በመኪና ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው፤ መንገዱ ግራና ቀኙ በቆሎና አኩሪ አተር።

ዋና ከተማው እዚያ እንዲሆን ከተሟገቱት አንዱ አብርሃም ሊንከን ነው። ሊንከንም ከ1834 እስከ 1842 የኢሊኖይ ምክር ቤት አባል ነበር። ያኔ መቀመጫው ቫንዳሊያ የምትባል ከተማ ነበረች። ሊንከንና ስምንት የአካባቢው ተወካዮች ተባብረው በ1837 ወደ ስፕሪንግፊልድ እንዲዛወር አስወሰኑ። ዘጠኙም ዘለግ ያሉ ስለነበሩ «ረጃጅሞቹ ዘጠኝ» ይሏቸው ነበር። ኦባማ በየካቲት 2007 ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ ብሎ ያወጀው እዚያው ከተማ፣ በአሮጌው የምክር ቤት ሕንጻ ደጃፍ፣ አጥንት ድረስ በሚገባ ብርድ ነው።

የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው? በምን ይተዳደር ነበር?

ጉባኤው በብዛት ከጥር እስከ ግንቦት ነው። በበልግ ደግሞ ገዢው ያልፈረማቸውን ሕጎች ለማየት ለጥቂት ቀናት ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ሌላ እንጀራ አላቸው፤ ጠበቃ፣ ገበሬ፣ ነጋዴ። ኦባማ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕገ መንግሥት ሕግ ያስተምር ነበር። አንድ አነስ ያለ የጥብቅና ቢሮ ውስጥም ይሠራ ነበር። ማሊያ በ1998፣ ሳሻ በ2001 ተወለዱ። ሚሼልም የራሷ ሥራ ነበራት። አባት ሳምንቱ መሀል ላይ ስፕሪንግፊልድ ነው። ቤት ውስጥ ምን ይባል እንደነበር መገመት አይከብድም፤ ሁለቱም በኋላ ሳይደብቁ ተናግረውታል።

ክፍያው ከስቴት ስቴት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ኒው ሃምፕሻየር በዓመት 100 ዶላር ይከፍላል። አዎ፣ መቶ። ቴክሳስ 7,200፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ። ኢሊኖይ በ2023 ወደ 85 ሺህ ከፍ አድርጎታል። በኦባማ ጊዜ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነበር።

እንዴት ተመረጠ? ተቀናቃኞቹን በፊርማ አባረራቸው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ወንበሩ የአሊስ ፓልመር ነበር። በ1995 እሳቸው ለኮንግረስ ሊወዳደሩ ሲነሱ ኦባማ በሳቸው ቦታ ልግባ አለ፤ ደገፉት፤ ቅስቀሳውን ጀመረ። ፓልመር ግን በኅዳር 1995 ተሸነፉ። ወዳጆቻቸው ኦባማን ወንበሩን ተውላቸው ብለው ለመኑት። እምቢ አለ። እሳቸውም ተመልሰው እወዳደራለሁ አሉ።

ለመወዳደር ከምርጫ ክልሉ 757 ትክክለኛ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ፓልመር በጥድፊያ 1,580 ያህል ሰብስበው አስገቡ። ቁጥሩ እጥፍ ስለሆነ በቂ ይመስላል። የኦባማ ሰዎች ግን ምርጫ ቢሮ ሄደው ፊርማውን አንድ በአንድ ከመራጮች መዝገብ ጋር ማመሳከር ጀመሩ። ይሄ ከምርጫ ክልሉ ውጭ ነው የሚኖረው፣ ይሰረዝ። ይቺ አልተመዘገበችም፣ ትሰረዝ። ይሄ መፈረም ሲገባው ስሙን ለያይቶ ነው የጻፈው፣ ይሰረዝ። ፓልመር ቁጥሩ ጎደለባቸውና በጥር 1996 ወጡ። ሌሎቹ ሦስት ተወዳዳሪዎችም በዚሁ መንገድ ወደቁ። አንዱ የጎደለው 69 ፊርማ ብቻ ነበር።

ኦባማ የዴሞክራቶቹን የውስጥ ምርጫ ብቻውን ተወዳድሮ አሸነፈ። በዚያ ሰፈር ደግሞ ዴሞክራት ከሆንክ የኅዳሩ ምርጫ ለወጉ ያህል ነው። ሕግ አልጣሰም። ግን በ1992 ቺካጎ ውስጥ መራጮችን በገፍ የማስመዝገብ ዘመቻ የመራ ሰው ነው። ያ ሰው መጀመሪያ ወንበር የያዘው መራጩ የሚመርጠው ሌላ ስም እንዳይኖር አድርጎ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። «የዋህ ምሁር ነበር» ለሚሉ ሰዎችም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አዲስ ሲገባ እንዴት ተቀበሉት?

በለበጣ። በመጋቢት 1997 የመጀመሪያ ረቂቅ ሕጉን ይዞ ተነሳ። ረቂቁ ቀላል ነገር ነው፤ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ምሩቃን ስም ዝርዝር ለቀጣሪዎች እንዲደርስ የሚል። ሪኪ ሄንደን የሚባል የቺካጎ ሴኔተር እጁን አወጣ። የራሱ የኦባማ ፓርቲ ሰው ነው። «ስምህን በትክክል ጥራልኝ እስቲ፣ ትንሽ ቸግሮኛል» አለው። «ኦባማ» አለ። «የአየርላንድ ስም ነው?» ኦባማም «በመላው ካውንቲ የተወዳደርኩ ዕለት ይሆናል» ብሎ መለሰ። ቀልዱ የሚገባው ቺካጎን ለሚያውቅ ነው፤ የከተማዋን ፖለቲካ ለረጅም ጊዜ የያዙት አየርላንዳውያን ነበሩ፣ ስሙ ብቻ ድምፅ ያመጣ ነበር። ሄንደን ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ሕጉ ግን መሞቱ አይቀርም አለው። አልሞተም፤ አለፈ።

ሁለቱ በኋላም አልተዋደዱም። በሰኔ 2002 በሄንደን ሰፈር ያለ የሕፃናት ደኅንነት ቢሮ ሊዘጋ ሲሆን ኦባማ በጀቱ ይቆረጥ ከሚሉት ጋር ድምፅ ሰጠ። ሄንደን በገነ። ነገሩ ወደ ድብድብ ሊሄድ ትንሽ ሲቀረው ሰው ገብቶ ለያያቸው።

ቁማር ይጫወት ነበር የሚባለውስ?

ፖከር ይጫወት ነበር። ቴሪ ሊንክ የሚባል ሴኔተር ስፕሪንግፊልድ ባለው ቤቱ በሳምንት አንድ ማታ ሰው ይሰበስባል። ዴሞክራት አለ፣ ሪፐብሊካን አለ፣ ጉዳይ አስፈጻሚም አይጠፋም። ውርርዱ የአንድ ዶላር ነገር ነው። ለቀልድ «የኮሚቴ ስብሰባ» ይሉት ነበር። አብረውት የተጫወቱ እንደሚሉት ኦባማ ጥሩ ካርታ ካልያዘ ቶሎ ይጥላል፤ ሲያስይዝ ግን ይዟል ማለት ነው። ሃርቫርድ የተማረ ኩሩ ነው ብለው የጠረጠሩት ሰዎች ሐሳባቸውን የለወጡት ምክር ቤት ውስጥ ባደረገው ንግግር አይደለም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ በሲጋራ ጭስ መሀል ነው።

መጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ምን ሠራ? ስሙ እምብዛም አይነሳም እኮ።

አናሳው ወገን ውስጥ ስለነበረ ነው። ሴኔቱን የያዙት ሪፐብሊካኖች ነበሩ፤ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ፔት ፊሊፕ። ረቂቅ ሕግ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ደንብ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ደግሞ በፕሬዚዳንቱ እጅ ነው። እሳቸው ካልፈለጉ ረቂቁ ከዚያ አይወጣም። ማንም ተነስቶ «እቃወማለሁ» አይልም፤ ድምፅም አይሰጥበትም። «ነገ ተመለስ» እንደተባለ ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ያድራል፤ ዓመቱ ያልቅና ይሞታል። የኦባማ ረቂቆች ብዙዎቹ ዕጣቸው ይሄ ነበር።

ሾልኮ ከወጣው መሀል ትልቁ የ1998ቱ የስጦታ ክልከላ ሕግ ነው። ያኔ ኢሊኖይ ውስጥ አንድ ተመራጭ ለቅስቀሳ የተዋጣለትን ገንዘብ ለግሉ ሊያውለው ይችል ነበር። ሕግ የሚከለክለው የለም። የቀድሞው የአሜሪካ ሴኔተር ፖል ሳይመን ይሄን ለማስተካከል ሰው ሲፈልጉ፣ ኤሚል ጆንስ የተባሉት የሴኔት ዴሞክራቶች መሪ ሥራውን ለኦባማ ሰጡት። ከሪፐብሊካኑ ከርክ ዲላርድ ጋር ይዞት ዞረ። ባልደረቦቹ በግልጽ ተቆጡት፤ ኪሳቸው ውስጥ ነው የገባው። ሕጉ አለፈ፤ ግን አስቀድመው ያጠራቀሙት ገንዘብ ላይ ክፍተት ትቶላቸው። ያለዚያ አያልፍም ነበር።

ለኮንግረስ ተወዳድሮ ወድቆ አልነበር?

ወድቋል፤ ክፉኛ። በ2000 ቦቢ ራሽን ለመገልበጥ ተነሳ። ራሽ የጥቁር ፓንተር (የጥቁሮች መብት ታጋይ ፓርቲ) የቀድሞ አባል ናቸው፤ ሰፈሩ ያውቃቸዋል፣ ይወዳቸዋል። ቅስቀሳው ገና ሲጀመር፣ በጥቅምት 1999፣ ልጃቸው በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሐዘን ላይ ያለን አባት በምን አፍ ትተቻለህ?

ቀጥሎ የጦር መሣሪያ ጉዳይ መጣ። ገዢው ጆርጅ ራያን በታኅሣሥ 1999 መጨረሻ አስቸኳይ ጉባኤ ጠሩ። ኦባማ ሃዋይ አያቱ ጋ ነበር፤ ማሊያ ታመመችና ሳይመለስ ቀረ። ሕጉ ጥቂት ድምፅ ጎድሎት ወደቀ። ጋዜጦቹ ባሕር ዳር ሲዝናና ቀረ ብለው አብጠለጠሉት። በመጋቢት ራሽ 61 በመቶ፣ ኦባማ 30 በመቶ አካባቢ አገኙ። ያ ዓመት ዕዳ ውስጥም ከቶታል። በነሐሴ ሎስ አንጀለስ ወደ ፓርቲው ጉባኤ ሲሄድ አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ሊከራይ ካርዱን ሰጠ፤ ካርዱ እምቢ አለ። አዳራሽ የሚያስገባ ፈቃድም አላገኘም። ጉባኤው ሳያልቅ ቤቱ ተመለሰ። በአራተኛው ዓመት በዚሁ ፓርቲ ጉባኤ፣ ቦስተን ላይ፣ ዋናውን ንግግር ያደረገው እሱ ነው። ያኔም ገና ስቴት ሴኔተር ነበር።

2003 ላይ ምን ተለወጠ?

ነገሩ የሚጀምረው ከባርኔጣ ነው። ቀልዴን አይደለም። የምርጫ ክልሎች ካርታ በየአሥር ዓመቱ እንደ አዲስ ይሣላል። የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት እንደሚለው፣ ሁለቱ ፓርቲዎች በካርታው ካልተስማሙ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የደረሰው ፓርቲ ኮሚሽኑ ውስጥ አንድ ሰው ይጨመርለታል፤ ካርታውን እሱ ሣለው ማለት ነው። በመስከረም 2001 የሁለት ሰዎች ስም የሊንከንን ባርኔጣ አስመስሎ በተሠራ ረጅም ባርኔጣ ውስጥ ገባ። የወጣው የዴሞክራቱ ስም ነበር።

አዲሱ ካርታ በኅዳር 2002 ምርጫ ሴኔቱን ለዴሞክራቶች ሰጠ። የኦባማም ምርጫ ክልል ቅርጹ ተቀየረ። የራሱን ክልል ኮምፒውተር ላይ ሲያስምር እሱም ነበረበት። ከሳውዝ ሳይድ፣ ከቺካጎ ደቡብ ማለት ነው፣ ወደ ሰሜን ተስቦ በሐይቁ ዳር ያሉ ባለ ገንዘብ ሰፈሮችን ያዘ። ለቀጣዩ ውድድር ገንዘብ ያዋጡለት ሰዎች የተገኙትም ከዚያው ነው።

በጥር 2003 ኤሚል ጆንስ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጆንስ ራሳቸው ደጋግመው የሚያወሩት ታሪክ አለ። ኦባማ ቢሯቸው ገብቶ አሁን ትልቅ ሥልጣን አለዎት፣ የአሜሪካ ሴኔተር መሥራት ይችላሉ አላቸው። ማንን ልሥራ ሲሉት፣ እኔን አለ። መሳቢያው አሁን የጆንስ ነው። ኦባማም የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ሰውየው ያው ነው፤ ያው ምላስ፣ ያው ትምህርት። የተለወጠው መዶሻውን የያዘው እጅ ነው።

የትኞቹን ሕጎች አሳለፈ?

ብዙ ናቸው፤ አንዱን ረገጥ አድርጌ ልናገር። በግድያ የተጠረጠረ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሲመረመር በቪዲዮ ወይም በድምፅ እንዲቀረጽ የሚያስገድደው ሕግ። መነሻው ከባድ ነው። ኢሊኖይ ከ1977 እስከ 2000 መጀመሪያ 12 ሰው በሞት ቀጥታለች፤ በዚያው ጊዜ ሞት ተፈርዶባቸው ንጹሕ ሆነው የተገኙ 13 ነበሩ። ከገደለችው ያዳነችው በለጠ። ገዢው ራያን፣ ሪፐብሊካን ሆነው፣ በጥር 2000 የሞት ቅጣት ይቁም አሉ። ከነዚህ ፍርዶች አንዳንዶቹ የቆሙት ቺካጎ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ በድብደባ በተገኘ ቃል ላይ ነው።

ፖሊሶችና ዐቃብያነ ሕግ ተቃወሙ። አዲሱ ገዢ ሮድ ብላጎየቪችም መጀመሪያ አልደገፈውም። ኦባማ ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ቀረጻው ደንቡን ጠብቆ የሚሠራውንም ፖሊስ ከሐሰት ክስ ያድነዋል እያለ ተሟገተ። ሕጉን ለግድያ ወንጀል ብቻ አጠበበላቸው። በመጨረሻ በሴኔቱ አንድም ተቃዋሚ አልነበረውም። ብላጎየቪች በሐምሌ 2003 ፈረመ። እንዲህ ያለውን ግዴታ በሕግ አውጪ በኩል ያወጣች የመጀመሪያዋ ስቴት ኢሊኖይ ናት። (ሁለቱም ገዢዎች፣ ራያንም ብላጎየቪችም፣ በኋላ በሙስና ታስረዋል። ኢሊኖይ እንዲህ ናት።)

በዚያው ዓመት ፖሊስ መኪና ባስቆመ ቁጥር የሾፌሩን ዘር እንዲመዘግብ የሚያዝ ሕግም ወጣ፤ ምዝገባው ከ2004 ጀመረ። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሠራተኞች ታክስ ሲያሳውቁ ተመላሽ የሚያገኙበት የስቴት ድጋፍም ተጠናከረ። ለሕፃናት የጤና መድን የሚያገኙ ቤተሰቦችም በዙ። ጤና መድን ለሁሉም እንዲዳረስ ያቀረበው ግን በመድን ድርጅቶች ግፊት ለስልሶ፣ ጥናት የሚያደርግ ግብረ ኃይል የሚያቋቁም ሕግ ሆኖ ቀረ።

ሕጎቹ የሌሎች ልፋት ናቸው፣ እሱ መጨረሻ ላይ ነው የገባው ይባላል?

ከፊል እውነት አለው። ጆንስ ሌሎች ሴኔተሮች ለዓመታት የደከሙባቸውን ረቂቆች ለኦባማ ሰጥተዋል። የተነጠቁት ቅር ተሰኝተዋል፤ ሄንደን ከነሱ አንዱ ነው። ይሄ ያሠራር ነገር እዚያ ያለ ነው፤ አለቃው ኳሱን ለሚፈልገው ተጫዋች ያቀብላል።

ሌላው ግማሽ ደግሞ ይሄ ነው፦ የቀረጻውን ሕግ ማንም ሊያቀርበው ይችል ነበር። ፖሊሱንና የሞት ቅጣት ተቃዋሚውን አንድ ክፍል አስገብቶ፣ ሳይሰለች ለወራት መነታረክ ግን የእሱ ሥራ ነው። አብረው የተደራደሩት ፖሊሶች እንኳ ይሄን አይክዱም።

129 ጊዜ «ተገኝቻለሁ» ብቻ ብሎ ድምፅ ሰጥቷል። ይሄ ፍርሃት አይደለም?

በ2008 ቅስቀሳ ተቀናቃኞቹ ደጋግመው ያነሱት ነጥብ ነው። ሴኔቱ ውስጥ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቁልፍ አለ። አረንጓዴው እደግፋለሁ፣ ቀዩ እቃወማለሁ፣ ቢጫው ተገኝቻለሁ። ኦባማ ከ4,000 ገደማ ድምፅ ውስጥ 129 ጊዜ ቢጫውን ተጭኗል።

ዋናው ነገር፣ ሕግ ለማለፍ ከተገኙት ሳይሆን ከጠቅላላው 59 ሴኔተሮች 30 ድምፅ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ቢጫና ቀይ ውጤታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሕጉን አያሳልፉም። ሐሳቡን ደግፎ አጻጻፉ ሕገ መንግሥት ይጥሳል የሚል ሰው ቢጫውን ይጫናል። በውርጃ ሕጎች ላይ ደግሞ የመብት ድርጅቶች ራሳቸው ቢጫ ተጫኑልን ብለው ያስተባበሩበት ጊዜ አለ፤ ቀይ ለመጫን የሚፈሩ ሴኔተሮች ሽፋን እንዲያገኙ። ይሄ ሁሉ ግን 129ኙንም አያስረዳም። አንዳንዱ ላይ፣ በኔ ግምት፣ የሚቀጥለውን ምርጫ እያሰበ ነው የተጫነው።

ኢራቅ ጦርነትን ተቃውሟል ይባላል። ስቴት ሴኔተርን ጦርነት ምን አገባው?

ምንም። ድምፅ የለውም። በጥቅምት 2, 2002 ቺካጎ መሀል በተጠራ ሰልፍ ላይ ንግግር አደረገ፤ በቃ። ዋሽንግተን የነበሩት እነ ሂላሪ ክሊንተን ግን በዚያው ወር እጃቸውን አውጥተው መወሰን ነበረባቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ ያ ድምፅ ክሊንተንን ሲያሳድዳት፣ እሱ የነበረው ንግግር ብቻ ነበር። ትንሽ ወንበር ላይ መቀመጥ አንዳንዴ ይጠቅማል።

ሲለቅ ወንበሩን ማን ያዘው?

በኅዳር 2004 ለአሜሪካ ሴኔት በ70 በመቶ ድምፅ ተመርጦ በዚያው ሳምንት ለቀቀ። ኢሊኖይ ውስጥ ሴኔተር መሀል ላይ ሲለቅ ምርጫ አይጠራም፤ የፓርቲው የአካባቢ ኃላፊዎች ምትክ ይሰይማሉ። የተሰየመው ክዋሜ ራውል ነው፤ ከሄይቲ የመጡ ስደተኞች ልጅ፣ ጠበቃ። ከ2019 ጀምሮ የኢሊኖይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኗል።

እኔ ኢትዮጵያ ተወልጄ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘሁ ነኝ። ስቴት ሴኔተር መሆን እችላለሁ?

ትችላለህ። ከተወለድክ ጀምሮ የአሜሪካ ዜጋ መሆን ያለብህ ለፕሬዚዳንትነትና ለምክትሉ ብቻ ነው። ኢሊኖይ የምትጠይቀው ዜግነት፣ 21 ዓመትና በምርጫ ክልሉ ሁለት ዓመት መኖር ነው። ሌሎች ስቴቶች ዕድሜውንና የመኖሪያ ጊዜውን ይለዋውጡታል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው መወዳደርም ሆነ ለስቴት ምክር ቤት ድምፅ መስጠት አይችልም። ደብዳቤ መጻፍና ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መናገር ግን ይችላል፤ ሴኔተሩ የዜጋውም የነዋሪውም ነው።

የምትኖረው ዲሲ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዲሲ ስቴት ስላልሆነች ስቴት ሴኔተር የላትም፤ 13 አባላት ያሉት የከተማ ምክር ቤት ነው ያላት፣ የሚያወጣውንም ሕግ ኮንግረስ ሊሽረው ይችላል። ድንበሩን ተሻግረህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባህ የሜሪላንድ ነህ፤ ዋና ከተማዋ አናፖሊስ ውስጥ አንድ ሴኔተር አለህ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከሆንክ ደግሞ ዋና ከተማዋ ሪችመንድ። ቴክሳስ ያለህ ከሆነ ቶሎ በል፤ እነሱ መደበኛ ጉባኤ የሚቀመጡት በሁለት ዓመት አንዴ፣ ያውም ለ140 ቀን ብቻ ነው።